ለግዛዋ ሥር ዝም ያልኩበት ጠዋት

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ሽማግሌ በላከ ጊዜ እኛ ቤት የመጡት አባቶች ሲመለሱ፣ «ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ድምፅ ይኑራት አይኑራት ግን አላወቅንም» ብለው ነበር አሉ። ስለዚህ አንድ ጠዋት ዝም ማለት ከብዶኝ ነበር ብዬ ብጽፍ የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም፤ ነገሩ የልጄ ነገር ነበር።

የምንኖረው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአማቴ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት የምንውለው እኔ፣ ልጄ ሲፈን እና አማቴ አዴ ጫልቱ ነን። አማቴን እንደ እናቴ አያቸዋለሁ፤ ጠባያችን ግን ለየቅል ነው። ጠዋት የጀመሩት ጨዋታ ራት ላይ ያልቃል። ሰው ካጡ ለዶሮዎቹ ያወራሉ። በአማርኛ ጀምረው በኦሮሚኛ ይጨርሳሉ፤ ሲናደዱ ሁለቱን ይቀላቅሏቸዋል።

ሲፈን አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችም። ትሰማለች፣ የታዘዘችውን ታመጣለች፣ ትስቃለች፣ ስትፈልግ ጣቷን ትቀስራለች። ጣቷን ስትቀስር አዴ ጫልቱ ከየትም ይደርሳሉ።

«ምንድን ነው የኔ እናት? ውሃ ነው? ውሃ ነው እንጂ። ቀዝቃዛውን ነው? ቀዝቃዛ ያስላል። ለብ ያለውን ነው? ለብ ያለውን ነው።»

ጠይቀው፣ መልሰው፣ አጠጥተዋት ይሄዳሉ። ልጄ አፏን የምትከፍተው ለመጠጣት ብቻ ነበር።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ጆሮዋን መረመረ፣ ምላሷን አየ፣ በስሟም ጠራት። «ምንም የጎደላት ነገር የለም። በደንብ አዋሯት» አለኝ። ቤት ስመለስ ይህን ለአማቴ ነገርኳቸው።

«አዋሯት?» አሉ ተገርመው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሌላ ምን እሠራለሁ?»

ጸበልም ወሰድኳት። ተስዬም ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ስወስዳት ደግሞ መምህርቷ በትሕትና፣ «ሽንቷ ሲመጣ በምን እናውቃለን? ትንሽ ስትናገር አምጪያት» ብላ መለሰችኝ። ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። አንድ ቀን የሰፈር ልጆች በር ላይ ሲጫወቱ «ዱዳዋ አትጫወትም፣ ዱዳዋ ትውጣ» ሲሉ ሰማሁ። ሲፈን ሮጣ መጥታ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ደበቀች። አላለቀሰችም። ቃሉን እንደምታውቀው ያን ጊዜ ገባኝ። ምን ልበላት? ራሷን ዳበስኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ያን ዕለት ማታ አዴ ጫልቱ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«የሰው ዓይን ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ምላሷን የያዘው። ይኸ ሁሉ ጠጉር ይዛ ተወለደች፤ ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። የሰዉ አፍ እሷ ላይ ቀረ። ግዛዋ ያስፈልጋታል።»

ግዛዋን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከወገብ የማይበልጥ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፣ ሲነኩት ይለሰልሳል። ፍሬው ቀይ ነው፤ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ይመስል ልባስ አለው። ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ ሥርና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ይበቅላል። የጥንት ሰዎች ያበጠ ጉልበት ላይ ቅጠሉን ያስሩበታል፤ ሥሩን አድርቀው ለሕፃን አንገት ይሰፉለታል፣ ዓይን ለበላው ሰው ያጥኑታል። ቡራዩም ሞልቶ ነበር አሉ አማቴ። አሁን የበቀለበት ሁሉ ቤት ተሠርቶበታል። የተረፈው ሰበታ፣ ወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ እህታቸው አዴ ብርቄ በሚኖሩበት አካባቢ ነው።

«ግዛዋ እንደ ሌላው ቅጠል አይደለም» አሉ አማቴ። «ይሰማል። ሰው ሲናገር ከሰማ ኃይሉን ወደ መሬት ይመልሳል። የምትቆፍረው እናት ፀሐይ ሳትወጣ፣ በብረት ሳይሆን በቀንድ ትቆፍራለች። ልጅቷ ቀድማ ትነካዋለች። ከዚያ ይኸ ደጃፍ እስኪደረስ እናት አትናገርም። ሰላምታም አትመልስም። ሥሩም መሬት አይነካም።»

«እርስዎ ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው።

እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ለላሜ ብዬ አንዴ ሞክሬ ነበር። አጥሩን ሳልሻገር አንዷ ሐሜት ነገረችኝ፤ ላሟም ሞተች። በዚህ ቤት አፏን መዝጋት የምትችል አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር ለዚህ ቀን ነው የፈጠረሽ።»

ልቤ አልቆረጠም። ነገሩ ከሃይማኖት ያወጣኝ ይሆን ብዬ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አድምጠውኝ ትንሽ ፈገግ አሉ።

«ቅጠሉን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ዝምታም አይጎዳም። ቅጠሉን ግን አታምልኪው። በልብሽ አቡነ ዘበሰማያት እያልሽ ሂጂ። አማትሽ የሚያጨሱትን ነገር ደግሞ እዚያው በሩቁ ያድርጉት።»

ሲፈንን ይዤ ሰበታ ሄድኩ። አዴ ብርቄ ከአማቴ ይልቅ ለኔ የቀረቡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ሊመሽ ሲል ከጓሮ አልፈው፣ ጣታቸውን ሳይቀስሩ በአገጫቸው አንድ ቁጥቋጦ አሳዩኝ። ከዚያ ራታችንን በልተን ተኛን።

ጎህ ሲቀድ የበሬ ቀንዱን ይዤ ወጣሁ። ሲፈን በአንድ እጇ ቀሚሴን ይዛ ዓይኗን ታሻለች። ቁጥቋጦው ጋ ስንደርስ እጇን ይዤ ቅጠሉን አስነካኋት። ልጅ ናት፤ ነክታ ብቻ አልተወችም፤ ቀነጠሰችና ወደ አፏ ላከችው። «ተይ» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ ቅጠሉን አወጣሁ። ምን አድርጌሽ ነው ብላ አየችኝ። በሌላ ቀን ቢያንስ በስሟ እጠራት ነበር።

ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርኩ። ከግዛዋው ሥር ሳማ እንዳለ አላየሁም፤ ክንዴን እስከ ክርኔ ለበለበኝ። ዋይ አልልም። በአፍንጫዬ ብቻ ረጅም ድምፅ አወጣሁ። አፍንጫ አፍ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሥሩ ወፍራም ነበር፤ ሲወጣ የፈረስ ላብ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። አፈሩን አራግፌ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አዴ ብርቄ ከደጃቸው ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልን። እሳቸውም አልተናገሩም። ሥራው ቀላል መሰለኝ።

ቀላል የመሰለኝ ሰው እስኪያጋጥመኝ ድረስ ነው።

ከአጥሩ እንደወጣን ከብት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ኋላ እንደሰማሁት የአዴ ብርቄ ጎረቤት ኦቦ ደበላ ናቸው።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«አካም ቡልቴ? ነጋ?»

አሁንም ጎንበስ አልኩ። ኦሮሚኛ የማላውቅ መሰላቸውና በአማርኛ ቀጠሉ።

«እንዴት አደርሽ ነው የምልሽ።»

ከመጀመሪያው ይልቅ ዝቅ አልኩ። በተወለድኩበት አገር ትልቅ ሰው «እንዴት አደርሽ» ብሎ መልስ ሲያጣ መሬቱ ራሱ የሚታዘብ ይመስለኛል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጥርስሽን ነው? ምነው አትነግሪኝም ታዲያ? እኔ ዘንድ ለጥርስ የሚሆን አለ። የአጎቴ ልጅ ሦስት ቀን ጮሆ በእሱ ነው የዳነው። ነይ ቤቴ ቅርብ ነው።»

ክንዴን ያዙ፤ ያውም ሳማ የለበለበኝን። የሲፈንን እጅ ይዤ ሮጥኩ። ከኋላዬ፣ «ይሄ ጥርስ ከባድ ነው፣ እንዳይዘገይ» ሲሉ ይሰማኝ ነበር።

ወደ አስፋልቱ ለመውረድ ባጃጅ ያዝኩ። ልጁ ዋጋ ጠራ። እኔ ባጃጅ ውስጥ ሳልከራከር ገብቼ አላውቅም። አሁን ግን የጠራውን ሁሉ ዝም ብዬ ሰጠሁት። ገንዘቡን ይዞ ፊቴን አየ፣ ገንዘቡን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። «እትዬ፣ ተቀየምሽ እንዴ?» አለና ከሰጠሁት ላይ መለሰልኝ። ዝምታ ከክርክር ይልቅ እንደሚያዋጣ ያን ቀን ተማርኩ።

ከአስፋልቱ በሚኒባስ ጦር ኃይሎች በሰላም ደረስን። እዚያ የቡራዩን ታክሲ ያዝን። ከመካከለኛው ወንበር ተቀመጥኩ፣ ሲፈንን ጉልበቴ ላይ አደረግኳት፣ ሥሩን በእሷና በደረቴ መካከል ያዝኩት። በቀኜ አንዲት ወጣት ሴት አለች፤ በግራዬ ጋቢ የለበሱ አባት። መኪናው ሞልቶ ተነሣ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስታሞቀን ሥሩም ሞቀ።

ረዳቱ አየሩን አሸተተ።

«ወገን፣ ፈረስ የጫነ አለ እንዴ?»

ሁሉም ጎን ለጎኑን አየ። ጋቢ የለበሱት አባት ጫማቸውን ከወንበሩ ሥር ሳቡ። መስኮት ተከፈተ። እኔ ወደ ፊት ብቻ አየሁ።

«እናት ሂሳብ። የት ናችሁ?»

ብሩን ዘረጋሁ።

«የት ነው መውረጃችሁ? አስኮ ነው ቡራዩ?»

በእጄ ወደ ፊት፣ ሩቅ አሳየሁት።

«ሩቅማ ሁሉም ሩቅ ነው። አስኮ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ይሄ አዎ ነው አይደለም ነው?»

ያን ጊዜ በቀኜ ያለችው ሴት ተቆጣችው። «ምነው ትጮህባታለህ? አይታይህም? መናገር አትችልም እኮ።»

ረዳቱ ክው አለ። ጎረምሳ ነው፤ ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ይቅርታ እናት፣ አላወቅኩም» አለና ብሩን መልሶ መዳፌ ላይ አደረገው። ገፋሁት። መልሶ ገፋው። ከዚያ ጆሮዬም የማይሰማ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ጭምር፣ «አን-ቺ፣ አት-ከ-ፍ-ዪም» አለኝ። መኪናው ሙሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ሴትዮዋ ወደ ሲፈን ጎንበስ አለች። «ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?»

ሲፈን እንደ ልማዷ ዝም ብላ አየቻት።

«እሷም» አሉ ጋቢ የለበሱት አባት። «እናትም ልጅም። አይ የአንድዬ ሥራ።»

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ዝም ማለት መዋሸት ይሆናል ወይ ብዬ ንስሐ አባቴን ሳልጠይቃቸው መምጣቴ ቆጨኝ። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፤ የት ላይ እንደደረስኩ ይጠፋብኛል፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ሴትዮዋ ክንዴን ነካችኝ። ታደለች እባላለሁ አለችኝ። ከወላይታ የመጣች፣ ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራ፣ እረፍቷን ቡራዩ እህቷ ዘንድ ልታሳልፍ የምትሄድ ናት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እኔ ምንም ስለማልጠይቃት ይመስለኛል።

«እህቴ፣ ልጸልይልሽ?»

ራሴን ወዘወዝኩ።

«እንባዋ መጣ» አለች ለሰዉ። የመጣው እንባ ሳይሆን ላብ ነበር። እጇን በነጠላዬ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማተቧን አታይም እንዴ ልጄ?» አሉ አባት። «የተዋሕዶ ልጅ ናት።»

«እግዚአብሔር አንድ ነው አባባ።»

«አንድማ ነው። ጆሮውም ደህና ነው፤ ቀስ ብለሽ ንገሪው።»

ታደለች ቀስ አላለችም። ስለ ታሰረው ምላሴ ለመነች፣ ስለ ልጄ ለመነች፣ ስለ ባሌም ሳታውቀው ለመነች። ደግ ሴት ናት፤ ከልቧ ነበር። ረዳቱ መጣራቱን ተወ። ሹፌሩን፣ «ቀስ በላት፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትገባ፣ እየጸለዩ ነው» አለው። ሰው ሁሉ አፌን ያየኛል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሥሩን ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ።

«በይ አሁን ተናገሪ» አለችኝ ታደለች። «አትፍሪ። አንድ ቃል።»

አንድ ቃል ብትወጣኝ ሰበታ መሄዴ፣ መለብለቤ፣ ሽማግሌ መናቄ ሁሉ ከንቱ ነው። የልጄ ምላስ ያለው በእኔ ጥርስ መካከል ነው። ጥርሴን ገጠምኩ።

«አንድ ቃል ብቻ እህቴ።»

«ተያት» አሉ አባት አዝነው። «ዱዳ ናት አልንሽ። ዱዳ ናት።»

«ዱዳ አይደለችም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከኋላ ወንበር ያለ ልጅ መስሎኝ ዞርኩ። ከኋላ ያሉት ደግሞ ወደ እኔ ጉልበት ያያሉ። ሲፈን ተነሥታ ቆማ ነበር፤ አንድ እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። ጋቢ የለበሱትን አባት ፊት ለፊት ታያቸዋለች።

«እማዬ ታወላለች» አለች። ር ን ል ትለዋለች። ድምፁ ቀጭን ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው፤ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይሻክራል። «ቤት ታወላለች። ዛሌ አኩልፋ ነው።»

ከጽንሷ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ድምፅ እኮ ነው፤ እሱን ለመስማት ያልረገጥኩት ደጅ የለም። እና መጣ፤ አኩርፋለች ብሎ ከሰሰኝ።

ሲፈን ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ፊቴ ላይ ነው።

«አይደል እማዬ?»

እንግዲህ ይህን ስታነቡ «ምን ያስጨንቃል፣ ተናገሪ እንጂ» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አዴ ጫልቱ በዓይኔ መጡብኝ። ደጃፉ ገና ሩቅ ነው። ብናገር መድኃኒቱ ቢረክስስ? ምላሷ የተፈታው መድኃኒቱ እቅፌ ውስጥ ስላለ ቢሆንስ፣ እና እኔ አሁን አፌን ስከፍት መልሶ ቢታሰርስ? ይህን ሁሉ ሳስብ ልጄ መልስ ትጠብቃለች። ቅንድቧ ዝቅ ማለት ጀመረ። የሰፈር ልጆች ያባረሯት ቀን ቀሚሴ ውስጥ የደበቀችው ፊት ያ ነው። ያን ቀን ራሷን ዳብሼ ነበር የሄድኩት።

«አዎ የኔ እመቤት» አልኳት። «አወራለሁ።»

ታደለች እልል አለች። ከኋላም እልል የሚል ተነሣ። ረዳቱም እጁን ዘረጋ።

«እናት፣ እንግዲያውስ ሂሳብ።»

ጋቢ የለበሱት አባት እኔንም ልጄንም ተራ በተራ አዩን። «ቆይ» አሉ፣ «እኔ ሁለቱም ሲናገሩ ነው የሰማሁት። የዳነችው የትኛዋ ናት?»

ነገርኳቸው። ከጠጉሯ ጀምሬ፣ ሐኪሙን፣ ጸበሉን፣ ግዛዋውን፣ ሳማውን፣ ኦቦ ደበላን፣ ሁሉንም አወራሁ። እንደዚያ አውርቼ አላውቅም። ለካ የፈረሱ ሽታ ከእኔ እንደነበር ሲሰሙ መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ሲፈንም ሲስቁ አይታ ሳቀች፤ «ፈለስ» አለች፣ ፈረስ ማለቷ ነው። ደስ ስላላት ደጋገመችው። ማንም «ወራጅ» አላለም። መውረጃዬን አለፍኩ፤ አስኮ መውረድ የነበረባቸው አባትም ከእኛ ጋር ቡራዩ ደረሱ። ሲወርዱ ሲፈንን ግንባሯን ሳሙና፣ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ እናትሽን ሰድቤብሻለሁ» አሏት።

«እሺ» አለች።

ወደ ኋላ በእግራችን ተመለስን። ሥሩን አሁንም መሬት አላስነካሁትም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ልጄን ማዋራት አለብኝ ብዬ፣ እንዴት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ያየሁትን ሁሉ መጥራት ጀመርኩ። «ይሄ ባሕር ዛፍ ነው። ያ አህያ ነው። እዚያ ደግሞ የገፈርሳ ውሃ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ፍሙ ተዘጋጅቷል። ከሩቅ ፊቴን ሳይሆን አፌን ነው ያዩት።

«አልተናገርሽም አይደል?»

«ተናገርኩ አዴ።»

ራሳቸውን ያዙ። «ዋቃዮ! ተናገርሽ? አንቺ? ሽማግሌ የማያናግርሽ ሰው ዛሬ ተናገርሽ? እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩት፣ ፍም ያነደድኩት፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሁት...» አማርኛው አልቆ ወደ ኦሮሚኛ ተሻገሩ፣ ከዚያ ሁለቱን ቀላቀሏቸው። ቃል ላስገባ ብል ቦታ የለም። ሲፈን ቀሚሳቸውን ጎተተች።

«ምንድን ነው የኔ እናት? ውሃ ነው? ደክሞሻል? እርቦሻል? እርቧት ነው እኮ፤ ዳቦ ነው? ዳቦ...»

«አኮ» አለች ሲፈን። አያቴ ማለቷ ነው። «እኔ ልናገል።»

አዴ ጫልቱ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሲፈን ከፊታቸው ቆማ ስለ ፈረስ ነገረቻቸው። ፈረስ ያልነበረበት ታክሲ ውስጥ ፈረስ ስለመፈለጉ የተነገረ ረጅም ታሪክ ነው። አማቴ እስኪያልቅ ድረስ ሰሟት፤ ሲያልቅ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሥሩን ግን አልተዉትም፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጨሱት። እኛም፣ ዶሮዎቹም፣ ጎረቤታችንም ለብዙ ጊዜ ፈረስ ፈረስ ሸተትን።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ክርክር አለ። አዴ ጫልቱ ልጅቷ ቅጠሉን በአፏ ስለነካችው ነው ይላሉ፤ እኔ ጣቴን ከትቼ ባላወጣው ኖሮ ዛሬ ሰባኪ ትሆን ነበር ብለው ይወቅሱኛል። ታደለች ጸሎቱ ነው ትላለች፤ አሁን ወዳጃችን ናት፣ እረፍት ሲኖራት እኛ ዘንድ ትውላለች፣ ከአማቴ ጋር ሲከራከሩ ያመሻሉ። ሐኪሙ ስነግረው፣ «አንድ ሰው በመጨረሻ እሷ እንድትናገር ቦታ ለቀቀላት» አለኝ። ንስሐ አባቴ ደግሞ፣ «ለእናንተ ደስታ ሆኖ ሳለ ምን ያጣላችኋል? ስጦታውን ተቀብላችሁ አመስግኑ» አሉን።

እኔ አመሰገንኩ። አሁንም አመሰግናለሁ። ግን ስለ ራሴም የገባኝ አለ። ልጄ የኖረችው ሁሉን በሚናገር ሰውና ምንም በማይናገር ሰው መካከል ነበር። አንዳችን ቃሏን ቀድመን እንወስድባታለን፤ አንዳችን የምትቀበለው ቃል አንሰጣትም። ያን ጠዋት ከወትሮዬም የባሰ ዝም ስል ሌላ ሰው ዱዳ ሲለኝ ሰማች፤ እኔን ለማዳን የቀረላት እሷ ብቻ ነበረች። አዳነችኝ። ተርባ ወይም ተጠምታ አልነበረም፤ ስለ እናቷ ነው የተናገረችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

እናንተ እናቶች፣ ግዛዋ ቆፍሩ አልላችሁም፤ አትቆፍሩ ብዬም አልከለክላችሁም። ልጃችሁ ቢዘገይባችሁ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ። ጸልዩ። ከዚያ አዋሩት፤ አዋርታችሁም ትንሽ ጠብቁት። እኔ ማዋራቱን ለመልመድ ተቸግሬያለሁ። ድስት ሳማስል «አሁን ሽንኩርት እየጨመርኩ ነው» እላለሁ ጮክ ብዬ፤ ባለቤቴ ከመንገድ ሲመጣ ማንን እንደማዋራ ይፈልጋል። አማቴ ደግሞ መጠበቁን ለመልመድ ተቸግረዋል። ሲጨንቃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ።

ማታ ማታ ሲፈን የቀኗን ትነግረናለች። ስትጀምር የመጨረሻውን ታስቀድማለች፣ መሃል ላይ ትረሳለች፣ ወደ ጣሪያው አንጋጣ ታስባለች። እኔም አማቴም አፋችንን ይዘን እንጠብቃታለን። አንዳንዴ በጣም ይረዝማል፤ እንቅልፍ ይመጣብኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ይረዝማል።